በኩርባው ላይ የጠፋችው አንድ ሴንቲሜትር

የመለኪያ ዘንጉ ልክክ ብሎ ገጠመ፤ አቶ እንደሻውን ያስደነገጣቸውም መግጠሙ ነበር።

ከሁሩታ በላይ ባለው የድንጋይ ካባ ቁልቁለት፣ ሐዲዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ኩርባ ላይ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከዋል። የጠዋቱ ጉም ገና ከገብሱ ማሳ ላይ አልተነሣም። ከእሳቸው በላይ፣ መቶ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው፣ የማኅበሩ ወጣቶች የመጀመሪያውን ፉርጎ ድንጋይ እየጫኑ ነው። ከታች፣ መንገዱ ዳር፣ የሾፌሩ የሚፍታ ገልባጭ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቃል። ፉርጎው ሲሞላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳምራ ፍሬኑን ይዛ ትቆምበታለች፤ አሥራ አንድ ኩንታል ድንጋይ ይዛ በዚህ ኩርባ ታልፋለች። ኩርባው ደግሞ አቶ እንደሻው ትናንት ሠርተው የሄዱት ኩርባ አይደለም። ወይም ያው ራሱ ነው፤ የረሱት እሳቸው ናቸው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳምራ ሳትነሣ ማወቅ ነበረባቸው።

የጭንቀታቸው ምክንያት እንዲገባን ስለ ሐዲድ ስፋት ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልገናል፤ ያቺ ጥቂት ነገር ደግሞ ስትታወቅ ደስ ትላለች።

ሐዲድ ሁለት ብረት ነው፤ ስፋቱም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። እስከዚህ ሕፃንም ያውቀዋል። ጥያቄው «ከየት እስከ የት?» የሚለው ነው። ጋሪ ሠሪ ብትጠይቁ፣ ከጎማ መሀል እስከ ጎማ መሀል ይላችኋል። የባቡር ሰው ግን ከአንዱ ብረት የውስጥ ጎን እስከ ሌላው ብረት የውስጥ ጎን ነው የሚለካው፤ ያውም ከብረቱ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ለምን ቢባል ባቡር መሪ የለውም። መንኮራኩሩ በውስጥ በኩል ወደ ታች ወረድ ያለ ጠርዝ አለው፤ የአቶ እንደሻው ባልደረቦች «ከንፈር» ይሉት ነበር። ያን ሁሉ ጭነት መንገድ እንዳይስት የሚይዘው ይህ ከአውራ ጣት የማይወፍር ከንፈር ነው። ከንፈሩ የሚሄደው በብረቶቹ የውስጥ ጎን ስለሆነ ልኬቱም እዚያው ነው።

አቶ እንደሻው ይህን የተማሩት በሃያ አንድ ዓመታቸው፣ ከሁሩታ ወርደው ናዝሬት ምድር ባቡር ሲቀጠሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ከአዋሽ እስከ ናዝሬት ባለው መስመር ላይ፣ በየማለዳው ከመጀመሪያው ባቡር በፊት ሐዲዱን በእግራቸው እየሄዱ በዘንግ ሲለኩ ኖሩ። የዚያ መስመር ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነበር። የሥራ ጓደኞቻቸው ስለዚህ «እንደሻው ሜትር» ይሏቸው ነበር፤ የአባታቸውን ስም የሚያስታውስ አልነበረም። መስመሩ ጸጥ ሲል ጡረታ ወጥተው ወደ ሁሩታ ተመለሱ፤ ባቡር በማይደርስበት አገር የሚኖሩ የባቡር ሰው ሆኑ።

አንድ ቀን ለሕክምና አዳማ ወርደው ሳለ አዲሱን መስመር አዩት። በጣም ሰፋባቸው። አጠገባቸው የቆመ ወጣት መሐንዲስ ስፋቱ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል እንደሆነ፣ በዓለም ላይ «መደበኛ» የሚባለው ይኸው እንደሆነ፣ ከእሱ ያነሰው ሁሉ «ጠባብ»፣ የበለጠው ደግሞ «ሰፊ» እንደሚባል አስረዳቸው።

«እንግዲያው እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠባብ ሐዲድ ላይ ነበርኩ?» አሉት።

«ጠባብ ነበር፣ ጋሼ።»

«እኛ ጠባብ ብለነው አናውቅም። ሐዲድ ማለት እሱ ነበር።»

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ማርያም ሲነግሯቸው፣ «ጠበበም ሰፋም አራት ልጅ አሳድጎልናል፤ በዚህ አትብሰልሰል» አሏቸው። እርሳቸው ግን ብዙ ቀን አሰቡበት። ጠባብ የሚባል ነገር ለብቻው የለም፤ ጠባብ የሚሆነው አጠገቡ ሌላ ሲቆም ነው። ደግሞም ጠባብነት ጉድለት አይደለም። ጠባብ ሐዲድ በገደል ወገብ ይዞራል፤ አጭር ኩርባ ይታጠፋል፤ ቀጭን ብረት ይበቃዋል። ሰፊው ተራራ የሚቆፍርለትን እርሱ ዞሮት ያልፋል። አንድ ሜትሩም ከአዋሽ ወደ ናዝሬት ያለውን ዳገት ከወጣ፣ ከእርሱ የጠበበ ደግሞ የበለጠ ይወጣል ማለት ነው።

ሳምራ በራቸውን ያንኳኳችው ይህን እያሰቡ ሳለ ነበር ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለት ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የድንጋይ ካባ ወስደዋል። ድንጋዩ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን በክረምት ማጥ ይሆንና መኪና አይወጣም። ከአንድ ከተዘጋ የእርሻ ድርጅት ግቢ ውስጥ ቀጫጭን የሐዲድ ብረቶች ተጥለው አግኝተዋል። «አባባ፣ እርስዎ የባቡር ሰው ነዎት አሉኝ» አለቻቸው። አቶ እንደሻው ነጠላ ጫማቸውን ሳይቀይሩ ተከትለዋት ወጡ።

የካባው ሐዲድ ስፋት ስድሳ ሴንቲሜትር እንዲሆን የወሰኑት እርሳቸው ናቸው። ሥራው ቀላል ነው፦ የተጫነው ፉርጎ በቁልቁለቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አንድ ሰው በፍሬን ይገታዋል። ድንጋዩ ከታች ሲራገፍ ባዶውን ፉርጎ ፈረስ ጎትቶ ይመልሰዋል። ፈረስ ደግሞ በአርሲ አይቸግርም። ፉርጎውን የሠራው ከዲሮ ነው። ከዲሮ በሁሩታ ጋሪ በመሥራት የታወቀ በያጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ጥንቁቅ፣ አንደበቱ ቁጥብ። እሱ የሠራው ጋሪ አሥር ዓመት ሄዶ ጎማው አይንቀጠቀጥም ይባላል። አቶ እንደሻው በጣም ወደዱት፤ አንዳንዴም ሳያስቡት በሟች የሥራ ጓደኛቸው ስም ይጠሩት ነበር። ከዲሮ አያርማቸውም፤ «አቤት አባባ» ይላል።

አሁን ወደ ኩርባው እንመለስ።

ኩርባ ላይ ሐዲድ ይሰፋል። ይህ በአቶ እንደሻው ሙያ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ እርሳቸው በጣም የሚወዱት ነው። ቀጥ ያለ ዱላ ወስዳችሁ በተጠማዘዘ ቦይ ውስጥ ለማስተኛት ሞክሩ፤ ቦዩ ለዱላው ውፍረት ልክ ቢሆንም እንኳ ዱላው ጫፍና ጫፉ ግድግዳውን ይነካል፤ አልተኛም ይላል። ቦዩን ትንሽ ብታሰፉት ይተኛል። ፉርጎም እንደዚሁ ነው። ሁለቱ ጥንድ መንኮራኩሮች በአንድ ቀጥ ያለ አልጋ ላይ ተበይደዋል፤ እንደ ጋሪ ፈረስ አንገታቸውን ወደ ኩርባው አያዞሩም። ስለዚህ ኩርባው ላይ አንድ ሴንቲሜትር ይጨመርላቸዋል። ካልተጨመረ የፊተኛው የውጭ መንኮራኩር ከንፈሩን ከብረቱ ጎን ጋር እያፋጨ መሰላል እንዳገኘ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ቀስ ብሎ የተገፋ ባዶ ፉርጎ ወጥቶ ሊመለስ ይችላል። በፍጥነት የሚወርድ የተጫነ ፉርጎ ግን ከወጣ አይመለስም። ከኩርባው ውጭ ደግሞ ገደል ነው፤ ከታቹ ወንዝ አለ።

አቶ እንደሻው ለካባው ሐዲድ መለኪያ ዘንግ አሰላ ቶርኖ ቤት ሄደው አሠርተዋል። ዘንጉ እንዲሁ ሲያዝ ስድሳ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ምላስ ስትሳብ ስድሳ አንድ ይሆናል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ብረቱ የሚቸነከርባቸውን ስምንቱን የኩርባ አግዳሚ እንጨቶች ምላሷን ስበው በስድሳ አንድ አስመትተው፣ ባዶውን ፉርጎ አሳልፈው፣ ድምፅ ሳይሰማ አልፎላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንደዚያ ነው የሚያስታውሱት።

አሁን ግን ምላሷ ሳትሳብ ዘንጉ ገጥሟል። ምላሷን ሳቧት። አልገባም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሞከሩ። አልገባም።

ከላይ ድንጋይ ፉርጎው ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ፍርሃታቸው ስለ ሳምራ ብቻ አልነበረም። በዚህ ዓመት አንዳንድ ነገር ጀምሯቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይፈልጉታል። ባለፈው የገበያ ቀን ገበያው መሀል ቆመው ምን ሊገዙ እንደመጡ ጠፍቷቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ወለተ ማርያም ከዚያ ወዲህ አንዱን ነገር ሁለቴ ይነግሯቸዋል፤ ይህ ከምንም በላይ ያሳፍራቸዋል። እና ትናንት ምላሷን መሳብ ረስተው ቢሆንስ? ዛሬ «አቁሙ» ቢሉ፣ ስህተቱም የእርሳቸው ሆኖ ቢገኝ፣ ከእንግዲህ ማን ያምናቸዋል? ዝም ቢሉስ?

«ዝም ማለት የለም» አሉ ለራሳቸው። ዓይናቸውን ከማመን ሌላ የቀረ ነገር አልነበረም። አጎነበሱና አግዳሚ እንጨቱን አዩ።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፤ ትናንት የተመታ ችንካር ዙሪያው ነጭ ነው። ግን ከችንካሩ ጎን ሌላ ቀዳዳ አለ፤ በጥንቃቄ በእንጨት ስንጥር ተደፍኗል። ቀጥሎ ያለውን እንጨት አዩ፤ እሱም ጋ ያው ነው። ሦስተኛውም። ሰው ችንካሮቹን ነቅሎ፣ የውስጡን ብረት አንድ ሴንቲሜትር አስጠግቶ እንደገና መትቷል፤ የድሮውን ቀዳዳ ሳይቀር የደፈነ ጥንቁቅ ሰው። በጣታቸው የብረቱን ጎን ዳሰሱ፤ ዘይት ነው። ትናንት ማንም ዘይት አልቀባም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠርገው መልሰው አደረጉና የውጭውን ብረት ተመለከቱ። ከብረቱ ጎን የጀመረች እንደ ምላጭ ጭረት የቀጠነች ብሩህ መስመር በሰያፍ ወደ አናቱ ትወጣለች፤ ሁለት እንጨት ያህል አናቱ ላይ ትሄዳለች፤ መልሳ ትወርዳለች።

አንድ ሰው ካጠበበ በኋላ ባዶውን ፉርጎ ገፍቶ አሳልፏል። ፉርጎው ጮሆበታል፤ ስለዚህ ዘይት ቀብቷል። መንኮራኩሩ ወጥቶ እንደተመለሰ ግን አላየም።

ስለዚህ አልረሱም። ለአንድ አፍታ የተሰማቸው ደስታ ነበር፤ ቀጥሎ በራሳቸው አፈሩ፤ ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት መጠበቅ የሰለቸው ሚፍታ ከታች የመኪናውን ጥሩምባ ረጅም ነፋ፤ ከላይም ብረት ሲንቀሳቀስ ሰሙ።

ስምምነታቸው አቶ እንደሻው ፊሽካ ሳይነፉ ፉርጎው እንዳይነሣ ነበር። ኋላ እንደተነገራቸው፣ ሥራውን ለማየት የመጣው የወረዳው ባለሙያ ፍሰሐ ከላይ ከሳምራ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ ሌላ ቦታ ስብሰባ አለበት። ጥሩምባው ሲጮህ፣ «ይኸው ከታች ጠርተውሻል፤ መንገዱ ነፃ ነው ማለት ነው» አላት። ሳምራም ፊሽካው ባለመሰማቱ ትንሽ አመንትታ፣ ጉሙ ድምፁን በልቶት ይሆናል ብላ ፍሬኑን ላላ አደረገችው።

አቶ እንደሻው ፊሽካቸውን ነፉ፤ ግን ያው «ነይ» የሚሉበት ድምፅ ሆነባቸው፤ ፊሽካ ያለው አንድ ድምፅ ነው። ጣሉት። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። በባቡር ሕግ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማለት ቁም ማለት ነው፤ ለሳምራም አስተምረዋታል። ነገር ግን በሐዲዱ ዳርና ዳር የቆሙት የማኅበሩ ልጆች ሁሉ ፉርጎው ተነሣ ብለው እጃቸውን እያነሡ ይጨፍሩ ነበር። ፉርጎው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ሳምራ የምታየው እጅ ሁሉ ወደ ላይ ነው።

ሰባ ዓመት የሆነው ሰው በፍጥነት የሚያስበው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚያስበው ግን ጥርት ያለ ነው። አቶ እንደሻው ዘንጋቸውን ይዘው በሁለቱ ብረቶች መሀል ገቡና ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ።

ከኩርባው በታች የነበረው ከዲሮ አያቸው። ሽማግሌው ዘንግ ይዘው ሐዲድ መሀል ሲቆሙ ያየ ሌላ ሰው ሁሉ ምን ሆኑ ይላል፤ ከዲሮ ብቻ ገባው። ሲሮጥ መጣና ይጎትታቸዋል ሲባል አልጎተታቸውም፤ አጠገባቸው ቆመ። ከአፉ በቀን ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው በኦሮምኛ፣ «ዻቢ! ሳምራ፣ ዻቢ!» እያለ ጮኸ፤ አቁሚ ማለቱ ነው።

ሳምራ ሰማች። ፍሬኑ ላይ በሙሉ ክብደቷ ተኛችበት። የፍሬኑ እንጨቶች በጉሙ ርሰው ነበርና መጀመሪያ አንሸራተቱ፤ ከዚያ ያዙ፤ ጭስ ወጣቸው። ፉርጎው እያቃሰተ መጣ፣ መጣ፣ ከሁለቱ ሰዎች ሦስት ክንድ ሲቀረው ቆመ። አንድ ድንጋይ ከላዩ ተንከባሎ ከአቶ እንደሻው እግር አጠገብ ወደቀ።

ከታች ፈረሱ አሽካካ።

ፍሰሐ በቁልቁለቱ እየተንሸራተተ ደረሰ። «ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው? ሊሞቱ ነው እኮ።»

«ኩርባው ጠቧል» አሉ። ዘንጉን መሬት ተከሉት።

ፍሰሐ ከኪሱ ሜትር አወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ለካ። ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ በርኅራኄ ተተክቶ ነበር፤ አቶ እንደሻው ቁጣውን ይመርጡ ነበር።

«ስድሳ ነው፣ ጋሼ። ወረቀቱም ስድሳ ይላል። እርስዎ ራስዎ ያስጻፉት ነው።»

«ኩርባው ላይ ስድሳ አንድ ነው።»

«የት ተጽፏል?»

አልተጻፈም። አቶ እንደሻው ወረቀቱን ለሳምራ ሲያስጽፉ «ስፋት፦ ስድሳ» ብለው አለፉ። በእርሳቸው ቡድን ውስጥ ኩርባ እንደሚሰፋ የማያውቅ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል ብሎ የሚጽፍ የለም። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች፣ ጭረቷን አሳዩ። ፍሰሐ አየ፤ ግን የሚያየው ቀዳዳና ጭረት ብቻ ነበር። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ለእናታችን ለወለተ ማርያም ይደወልላቸው» አለ፤ ሰሙት።

«እንግዲህ ልኩ ስድሳ ከሆነ፣» አለ ፍሰሐ፣ «ቀስ እያለች ትለፍ። ሽማግሌውን እዚያ ጥላ ሥር አሳርፏቸው።»

ሳምራ ከፉርጎው ላይ አልወረደችም። እጇ ፍሬኑ ላይ ነው። አንዴ ፍሰሐን፣ አንዴ አቶ እንደሻውን ታያለች። «አባባ፣ ልለፍ?» አለች።

አቶ እንደሻው ከዲሮን አዩት። ማን ያን ቀዳዳ እንደዚያ አድርጎ ሊደፍን እንደሚችል ገና ሲያዩት አውቀዋል፤ በሁሩታ እንዲህ ያለ እጅ ያለው አንድ ሰው ነው። ስሙን ቢጠሩት ነገሩ ያልቃል። አልጠሩትም። ከዲሮ መሬት መሬት ያያል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። ሳምራ ፍሬኑን ትንሽ ላላ አደረገችው፤ ፉርጎው ግማሽ እርምጃ ነቅነቅ አለ።

«አትሂጂ» አለ ከዲሮ።

ሁሉም ዞረ።

«እኔ ነኝ ያጠበብኩት። ትናንት እሳቸው ከሄዱ በኋላ።»

«ማን አዘዘህ?» አለ ፍሰሐ።

«ማንም። በሜትር ለካሁት። ላይ ስድሳ፣ ታች ስድሳ፣ እዚህ ስድሳ አንድ። ለጋሪ ሠሪ ልክ አንድ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይለወጥም። ደክሟቸው ነው አልኩ። መነጽራቸውም... ስሜንም ይስቱታል። በነጋታው ባለሥልጣን መጥቶ ለክቶ ከሚያሳፍራቸው ብዬ ሳይመሽ አስተካከልኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉት አቶ እንደሻው።

«ምን ብዬ? ተሳስተዋል ልበል? በሰው ፊት?»

«ለብቻዬስ?»

«ለብቻዎም አይባልም፣ አባባ።»

ጥሩምባውን ነፍቶ ምን እንደተፈጠረ ሊያይ የወጣው ሚፍታ ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ወይ አክብሮት» አለ። «ይህቺን ልጅ በአክብሮት ወንዝ ልትከታት ነበር።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ከዲሮ አልሳቀም።

«የእኔም አለበት» አሉ አቶ እንደሻው። «አልጻፍኩትም። ቢጻፍ ኖሮ አንተም አትነካውም ነበር። ሳምራ፣ ውረጂ፤ ድንጋዩ ይራገፍ።»

ፍሰሐ ግን የባለሙያ ነገር ሆኖ በቃል ብቻ አልረካም። «እንዴት ነው ልኩን የያዘ ሐዲድ የሚጥለው?» አለ፤ አጠያየቁ አሁን የእውነት ነበር፤ አቶ እንደሻውም እንዲህ ያለውን ጥያቄ አርባ ዓመት ቢጠየቁት አይሰለቻቸውም። ፉርጎው ባዶ ከሆነ በኋላ አራት ልጆች እየገፉ እንዲያሳልፉት አደረጉ፤ ፍሰሐን «ተኛና የፊተኛውን የውጭ እግር እየው» አሉት። ፍሰሐ ሱሪውን አየ፤ መሬቱን አየ፤ ተኛ።

ፉርጎው ጮኸ። «ይነካል» አለ ፍሰሐ። «ጎኑን እየፋቀ ነው... ቆይ።» ድምፁ ተለወጠ። «እየወጣ ነው። ወጣ። ቁሙ፣ ቁሙ፤ አናቱ ላይ ነው።» ተነሥቶ ቁልቁል ገደሉን ተመለከተ፤ ከዚያ ሳምራን፤ ከዚያ ሰዓቱን ሳያይ ስልኩን አውጥቶ ስብሰባው ላይ እንደማይደርስ ተናገረ።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። ስምንት እንጨት፣ በእያንዳንዱ ሁለት ችንካር። ሚፍታ ሞተሩን አጥፍቶ ዲጂኖ ያዘ። አቶ እንደሻው ዘንጉን ያስቀምጣሉ፤ ልጆቹ ብረቱን በዲጂኖ ይገፋሉ፤ ልኩ ሲደርስ ከዲሮ በመዶሻ ችንካሩን ይመታል። ሦስቱ እንጨቶች እንዲህ አለፉ።

አራተኛው ላይ አቶ እንደሻው ዘንጉን በሰያፍ አኖሩት። ይህች የታወቀች የሰነፍ ሠራተኛ ማታለያ ናት፦ ዘንግ ከሐዲዱ ጋር ማዕዘኑን ጠብቆ ካልተቀመጠ፣ ጠባቡንም ልክ ነው ይላል። ምላሷ ተስባለች፤ ዘንጉ ገጥሟል፤ ብረቱ ግን ገና አልደረሰም። «ምታ» አሉ።

ከዲሮ ዘንጉን አየ። መዶሻው አየር ላይ ለትንሽ ጊዜ ቆየ። መታ።

«ንቀለው» አሉት።

ነቀለው። መልሰው በሰያፍ አኖሩት። «ምታ።»

ከዲሮ መዶሻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ልጆቹ ምን እየሆነ እንዳለ አልገባቸውም፤ ሳምራ ግን ገብቷት ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። መታ።

«ንቀለው።»

ሦስተኛ ጊዜ አኖሩት፤ ከበፊቱ የባሰ ጠማማ፤ ዕውር እንኳ ሊያየው በሚችል ሁኔታ። «ምታ፣ ከዲሮ።»

በስሙ ነበር የጠሩት። ከዲሮ መዶሻውን አወረደ። ራሱን ወደ ጎን አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «አባባ» አለ። «ዘንጉ ጠሟል።»

«ምን አልክ?»

«ጠሟል ነው የምለው። ልክ አይደለም።»

አቶ እንደሻው ዘንጉን አቃኑት። አልገባም። «ግፉ» አሉ ልጆቹን፤ ለከዲሮ ምንም አላሉትም። ብረቱ በዲጂኖ ተገፋ፤ ምላሷ ገባች፤ ችንካሩ ተመታ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ስምንተኛው ሲመታ ፀሐይዋ ከጭላሎ ተራራ በላይ ወጥታ ጉሙ ተገፏል። ከላይ ፉርጎው እንደገና ተጭኗል፤ ሳምራ ፍሬኑ ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። ፍሰሐ ወረቀቱ ላይ «ኩርባ፦ ስድሳ አንድ» ብሎ ጽፎ አቶ እንደሻውን አስፈርሟል። አቶ እንደሻው ፊሽካቸውን ከመሬት አንሥተው አፈሩን ጠረጉ፤ ወደ አፋቸው አደረጉት።

አንድ እጅ ክንዳቸውን ያዘ።

«ይቆዩ አባባ» አለ ከዲሮ። «ስምንተኛውን ከመታን በኋላ መልሰው አልለኩትም።»

እውነቱን ነው፤ አልለኩትም። አቶ እንደሻው ፊሽካውን ከአፋቸው አውጥተው ዘንጉን ለእርሱ ሰጡት። ከዲሮ ተንበረከከ፤ ዘንጉን ማዕዘኑን አስጠብቆ አኖረ፤ ምላሷን ሳበ፤ ገባች። ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ፉርጎው ያለፈው ከዚያ በኋላ ነው።